ሦስት ግሸን የሚቆይ ቺንጋ

በሐይቅ ከተማ የመኪና ቺንጋ መቼ እንደሚቀየር የማያውቅ ሰው የለም። ዓሣ አጥማጁ ያውቃል፤ ጫት ሻጩ ያውቃል፤ በሕይወቱ ባጃጅ እንኳ ነድቶ የማያውቀው ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው መርገጫውን አቁሞ ያስረዳል። አላዋቂ ተብዬ የኖርኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ የመኪናዋ ባለቤት።

መኪናዋ ሚኒባስ ናት። ዐረብ አገር የሰው ቤት ስጠርግና የሰው ልጅ ሳሳድግ ያለፉት ዓመታቴ ጎማ አውጥተው መጡ ብል ውሸት አይሆንም። የተመለስኩት ለውጡ በመጣ ሰሞን ነበር። ያኔ አገሩ ሁሉ ደስ ብሎት ነበር። ቴሌቪዥን ላይ ሰው ሲቃቀፍ እያየሁ ካውያውን የማዳሜ ሸሚዝ ላይ ረሳሁት። ሸሚዙ ተቃጠለ፣ እኔም ተሰደብኩ፣ ግን ግድ አልሰጠኝም። ከዚህ በኋላ አገሬ ገብቼ እሠራለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር።

ሐይቅ ስገባ መናኸሪያው ውስጥ የሹፌሮችና የባለንብረቶች ስብሰባ ላይ ደረስኩ። አሮጌው አሠራር ይውረድ ተባለ፤ ተጨበጨበ፤ አዲስ ሊቀመንበር ተመረጠ። አዲሱ ሊቀመንበር የድሮው ሊቀመንበር ነበሩ፤ ኮት ብቻ ቀይረዋል። እኔም የደስታው ሞቅታ ይዞኝ እጄን አወጣሁና ለመኪኖቻችን የጥገና ጊዜ ቢወሰንላቸው ጥሩ ነው አልኩ። "የእህታችን አስተያየት ተይዟል" አሉኝ። እስካሁን እንደተያዘ ነው።

ስለ ጥገና ጊዜ የተማርኩት ማዳሜ ቤት ነው። እዚያ የመኪናዋ ቺንጋ የሚቀየርበት ጊዜ በትንሽ ወረቀት ተጽፎ ሞተሩ አጠገብ ይለጠፍ ነበር። ጊዜው ሲደርስ፣ መኪናዋ ምንም ሳይሰማት፣ ጋራዥ ትወሰዳለች። ማዳሜ የኔን የዕረፍት ቀን አንድ ጊዜ እንኳ አስታውሳ አታውቅም፤ የመኪናዋን ቀጠሮ ግን አንድ ቀን አሳልፋ አታውቅም። ስለዚህ ቺንጋ ትልቅ ነገር መሆኑ ከዚያ ጀምሮ ገብቶኛል።

የማወራው ከላይ ስለሚታየው፣ ሲላላ ሲጥ ሲጥ ስለሚለው ቺንጋ አይደለም። ይህኛው ክዳን ውስጥ ተሸፍኖ የሚኖር፣ ጥርስ ያለው የጎማ ቀበቶ ነው። ቫልቮቹና ፒስተኖቹ ሳይጋጩ በየተራቸው እንዲወጡና እንዲወርዱ የሚያደርገው እሱ ነው። የተወሰነ ኪሎ ሜትር ሲሄድ ወይም የተወሰነ ዓመት ሲሞላው፣ ከሁለቱ በቀደመው ይቀየራል፤ ጎማ ነውና ቆሞም ያረጃል። ሲቀየር ደግሞ የሚወጥረው ኩሽኔታና የውሃ ፓምፑም አብረው ይቀየራሉ፤ ክዳኑ አንዴ ከተከፈተ ሥራው ያው ነው፣ አሮጌ ኩሽኔታ ደግሞ አዲስ ቺንጋ ይበላል። እምቢ ብሎ ከተበጠሰ ሞተሩን ይዞት ይሞታል። የኛ ሞተር ከሞተ ደግሞ እኔ ወደ ማዳም ቤት ተመላሽ ነኝ። ይህን ለአባቴ ገና በመጀመሪያው ቀን ነግሬያቸዋለሁ። "አብሽሪ" አሉኝ፤ በኛ አገር ማንኛውም ነገር የሚጠገነው በዚህ ቃል ነው።

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው መኪና የነዱ ሰው ናቸው። የልጃቸውን መኪና መሪ ሲጨብጡ ዐይናቸው እንባ አቅርሮ አይቻለሁ፤ ያን ቀን ሁለታችንም አልቅሰናል። ችግሩ መኪናዋ ኪሎ ሜትር አትቆጥርም። ቆጣሪዋን የቀድሞው ባለቤት አቁሞት ኖሮ፣ ደሴ ብንሄድ ሸዋ ብንወርድ ያው ቁጥር ነው። ያሠሩት ስላቸው አባቴ ሳቁ። "መኪና ዕድሜዋን ካወቀች ትዝላለች" አሉ። አዲሱ ቺንጋ የገባው ገና ስንገዛት ነበር። ሁለተኛው መቼ ይግባ ስላቸው ግን መልሱ በአፋቸው ነበር።

"ሦስት ግሸን።"

ይህ የአባቴ ፈጠራ አይደለም፤ የከተማው ሹፌር ሁሉ አቆጣጠር ነው። በየመስከረሙ የግሸን ማርያም ንግሥ ሲደርስ ምዕመኑ ከየአገሩ ይመጣል፣ የሐይቅም ሚኒባስ ሁሉ የአምባሰልን ዳገት ይወጣል። ከዚህ የከበደ ሥራ በዓመት ውስጥ የለም። ከአንዱ ግሸን እስከ ሌላው ያለው ደግሞ ያው ነው፤ ደሴ ደርሶ መልስ፣ ውጫሌ፣ የገበያ ቀን፣ ሠርግ። ስለዚህ የአየር ማጣሪያ በየግሸኑ፣ ጎማ በሁለት ግሸን፣ ቺንጋ በሦስት ግሸን። አባቴ አምስት ወቅት ሰላታቸውን የማያሳልፉ ሰው ሆነው ለግሸን ብቻ የሚያወጡት የመዝሙር ፍላሽ አላቸው፤ ከመንዙማው እንዳይቀላቀል በላስቲክ ጠቅልለው ያስቀምጡታል።

መካኒካችን ደግሞ ክርስቲያን ነው። እሱ የፍሬን ሸራ የሚቆጥረው በረመዳን ነው። ምክንያቱን ስጠይቀው በጾሙ ወር የሙስሊሙ መኪና ቀን ቀን ቀዝቀዝ ስለሚል ለመፍታት ይመቸኛል አለኝ። ረመዳን እኮ በየዓመቱ ቀድሞ ነው የሚመጣው ስለው፣ "ታዲያ ሸራው ቶሎ ቶሎ ማለቁ በምን ይመስልሻል?" አለኝ። ሙስሊሙ ሞተሩን በግሸን፣ ክርስቲያኑ ፍሬኑን በረመዳን ይቆጥራሉ። ስለ ወሎ መቻቻል ለመናገር ከአዲስ አበባ የሚመጡ ሰዎች ይህን ሳያዩ መመለሳቸው ያሳዝነኛል።

እውነቱን ለመናገር አቆጣጠሩ በደህና ጊዜ ሞኝነት አልነበረም። የመጀመሪያው ግሸን በሰላም አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ። ከሁለተኛው መልስ እኔ ደሴ ሄጄ ቺንጋውን፣ ኩሽኔታውንና የውሃ ፓምፑን ገዝቼ መጣሁ። ካርቶኑን አባቴ ፊት አስቀመጥኩና አሁኑኑ ይቀየር አልኩ።

"ገና አንድ ግሸን የሚሠራ ቺንጋ አውልቆ መጣል እስራፍ ነው፣ ልጄ" አሉ። እስራፍ ማለት ማባከን ነው፤ ኃጢአት መሆኑን እኔም አውቃለሁ። ካርቶኑ አልጋ ሥር ገባ።

ከዚያ ወረርሽኙ መጣ። ሚኒባስ በግማሽ ሰው ይጫን ተባለ። በመስከረም አባቴ ግማሽ ጭኖ የአምባሰልን ዳገት መውጣት ለነዳጅም አይሆንም ብለው ቀሩ። መኪናዋ ግን አልቆመችም። ግማሽ ሰው ማለት እጥፍ ምልልስ ማለት ነው፤ ደሴና ሐይቅን ስታመላልስ ከረመች። በጥቅምት ካርቶኑን አወጣሁ።

"ምነው? ዘንድሮ ግሸን አልተኬደም እኮ። አልተቆጠረም" አሉኝ።

የቀለዱ መስሎኝ ሳቅኩ። ግን አልቀለዱም። መካኒኩ ጋ ሄድኩ። በስልኩ መብራት ክዳኑ ውስጥ አጮልቆ አየና "ጥርሱ ሙሉ ነው" አለኝ። አባቴም ጎንበስ ብለው አዩ። "ማሻ አላህ፣ ከኔ ይሻላል" አሉ፤ እሳቸው የቀሯቸው የፊት ጥርሶቻቸው ብቻ ናቸው። ቺንጋ በዐይን አይታወቅም፣ ጎማ ቆሞም ያረጃል ብል መካኒኩ እጁን እየጠረገ፣ "እህቴ፣ ደህና የሚሠራ ሞተር መፍታት የተኛን ሰው ቀስቅሶ እንቅልፍ ወስዶሃል ወይ ማለት ነው" አለኝ። ሁለቱም ሳቁ። ንድድ ብሎኝ ወደ ዓሣ ቤቴ ሄድኩ፤ ሐይቁ ዳር የምሠራባት ትንሽ የዓሣ መጥበሻ ቤት ነበረችኝ። ያን ቀን የበላ ሰው ሁሉ ያረረ ነው የበላው።

መናኸሪያም ሄጄ ጠይቄያለሁ። አንዱ ሲያፏጭ ቀይሪው አለኝ፤ ይህ ቺንጋ አያፏጭም። አንዱ መኪናዋ ዳገት ስትለግም ነው አለኝ። አንደኛው ደግሞ ደረቱን ነፍቶ "እኔ በሕይወቴ ቀይሬ አላውቅም" አለ። መኪናው አሁን የት እንዳለች ጠየቅኩት። ጓሮ ናት፤ ዶሮ አሳድርባታለሁ አለኝ። የሰማው ሰው ሁሉ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ።

በሚቀጥለው ዓመት የሰሜኑ ጦርነት ወልዲያን አልፎ ወደ እኛ ሲቀርብ መኪናዋ እንደዚያ ክረምት ሠርታ አታውቅም። ከላይ የሚፈናቀለው ሕዝብ በእግሩ ይመጣ ነበር። አባቴ መንገዱ እስከሚያስኬድ ድረስ እየሄዱ ሽማግሌና አራስ እየጫኑ ይመለሳሉ። ወንበር ላይ ሰው፣ በሰው ላይ ልጅ፣ ጣሪያ ላይ ፍራሽና ጄሪካን። በዚህ በዚህ አባቴን ወድጄ አልጠግባቸውም፤ ድካማቸው ያሳዝነኝ ነበር፣ ኮርቼባቸውም ነበር። ግን ማታ ሲገቡ መጀመሪያ የምጠይቃቸው ስለ ቺንጋው ነው። "አንቺ ሰው ሲሰደድ ጎማ ታስቢያለሽ?" ይሉኛል። የሰው መሰደጃ በዚያች ጎማ ላይ መሆኑን ማን ያስረዳቸው።

መስከረም መጣ። ግሸን የሚወስደው መንገድ ከጦርነቱ ማዶ ቀረ። ብዙም ሳይቆይ የኛም ተራ ደረሰ። ሕዝቡ በመንገዱ ሞልቶ ሲወርድ እናቴ ቁርአኑንና ብርድ ልብሱን ያዘች፤ እኔ ካርቶኑን ያዝኩ። "ደግሞ ይህን ብረት ምን ልታደርጊው ነው?" አለች። ከቤታችን ዕቃ ሁሉ የሕይወቴን ነገር የያዘው እሱ ነው ብዬ የማስረዳበት ጊዜ አልነበረም። ጎረቤት ጭነን፣ የጎረቤት ጎረቤት ጭነን ደሴን አለፍን፣ ኮምቦልቻን አለፍን። ጣርማ በር ዳገት ላይ ሰው ሁሉ ወደ ኋላ፣ ወደ አገሩ እያየ ያለቅሳል። እኔ ጆሮዬን ሞተሩ ላይ ተክዬ፣ ያ ረቢ፣ ከጥይቱ አውጥተኸናል፣ ከአባቴ አቆጣጠርም አውጣን እላለሁ። አዲሱ ቺንጋ እግሬ ሥር በካርቶን ተቀምጦ፣ አሮጌው እየጎተተው፣ እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ ደብረ ብርሃን ደረሰ። ስንመለስም አብሮን ተመለሰ።

ሐይቅ ስንገባ ዓሣ ቤቴ መጥበሻው ሳይቀር ተዘርፏል። የቀረችኝ መኪናዋ ነበረች። ካርቶኑን ይዤ በቀጥታ አባቴ ፊት ቆምኩ።

"እህ?" አሉ።

"እህ ምን አለ አባዬ? አሁንስ ይቀየር እንጂ!"

ጣታቸውን ዘረጉ። "የመጣሽ ዓመት አንድ። ኸዚያ ቀጥሎ ሁለት። ኸዚያ ወዲህ ግሸን ተሂዷል?"

"አባዬ፣ ታዲያ ደብረ ብርሃን የደረሰው ማን ነው? ሞተሩ አይደለም እንዴ? ክረምቱን ሙሉ የተመላለሰችውስ?"

"እሱ ስደት ነው፣ ልጄ። ስደት ኸሥራ ይቆጠራል እንዴ?"

ያን ጊዜ ገባኝ። ለአባቴ እነዚያ ሁለት ዓመታት የሉም። ወረርሽኙን፣ ጦርነቱን፣ ሽሽቱን በሙሉ ከሒሳብ አውጥተዋቸዋል። እሳቸው ብቻ አይደሉም፤ ከተማው በሙሉ ጦርነቱ ከቆመበት ሳይሆን ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት ከነበረበት ቀን መቀጠል ነው የፈለገው። መናኸሪያው ውስጥ ያቺው ስብሰባ፣ ያው ኮት፣ ያው ሊቀመንበር። እኔም ሰው ነኝ፣ ደክሞኝ ነበር። ሌላ ሹፌር ይዤ መኪናዬን በግድ ጋራዥ ባስገባ አባቴን በከተማው ፊት ማዋረድ ነው፤ ያን ሁሉ ሰው ከጥይት ያወጡ ሰው ናቸው። ካርቶኑ አልጋ ሥር ተመለሰ።

በሚቀጥለው መስከረም፣ ወሬው ጨርሶ ባይበርድም፣ ወደ ግሸን መንገዱ ተከፈተ። አባቴ መኪናዋን አጠቧት፤ ፍላሹን ከላስቲኩ አወጡ። "ይኸው ሦስተኛው። ኸግሸን መልስ እንቀይረዋለን፣ ወላሂ" አሉኝ። እኔም ጋቢና ገባሁ፤ ለምን እንደገባሁ ባላውቅም ቤት መቀመጥ አልቻልኩም። ነጠላ የለበሱ ተጓዦች ከኋላ ሞሉ። ከሩቅ አገር የመጡ አንዲት አሮጊት ከጀርባዬ ተቀምጠው በየደቂቃው አባቴን ይመርቃሉ። መዝሙሩ ተከፈተ። የአምባሰልን ዳገት ተያያዝነው።

ሲበጠስ ይጮሃል ብዬ ነበር የምጠብቀው። የመጣው ዝምታ ነው። ሞተሩ ድንገት አጠገባችን እንዳልነበረ ሆነ፤ መኪናዋ ትንሽ ተንፏቃ ቆመች። መዝሙሩ ግን ምንም ሳይመስለው ቀጠለ። አባቴ ቁልፉን አዞሩ፤ እንደ ባዶ ወፍጮ ቀሎ ዞረ። ደግመው አዞሩ። "አባዬ፣ ይተዉት" አልኳቸው። ሦስተኛ ጊዜ ሊያዞሩ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ።

ተጓዦቹ ወረዱ። ማንም አልተቆጣም። አሮጊቷ መስኮቱ አጠገብ መጥተው "አይዘኑ ጋሼ፣ እመቤቴ በእግሬ እንድመጣ ፈልጋ ነው" አሏቸው።

"አሚን፣ እናቴ። ለኛም ዱዓ ያድርጉልን" አሉ አባቴ።

እኔ እመቤታቸው ከቺንጋችን ጋር አንዳችም ጠብ እንደሌላት አውቅ ነበር። ግን ሴትዮዋ ደግ ነበሩ። ተጓዦቹ እየዘመሩ ዳገቱን ወጡ። አባቴ የመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ተራራውን አዩና "ሦስተኛው እኮ ገና አልሞላም። ዳገቱን እንኳ አልጨረስነውም። ቀድሞ ተበጠሰ" አሉኝ።

በጭነት መኪና ተጎትተን ሐይቅ ገባን። መካኒኩ ሲፈታው ቫልቮቹ ጎብጠዋል፣ ፒስተኖቹ ተበስተዋል፣ የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ ተሰንጥቋል። የተበጠሰውን ቺንጋ አንጠልጥሎ አየውና "ዘንድሮ የሚመጣ ዕቃ ጥራት የለውም" አለ።

"ዘንድሮ?" አልኩ። "ይህ ዕቃ ከለውጡ ጋር የመጣ ነው! በጣትህ ቁጠረው!" ጮኼ ነበር መሰለኝ፤ ልብስ ሰፊው መርገጫውን አቁሞ መጣና "እኔ ድሮም ብያለሁ" አለ። ከዚያ ቀን በኋላ በሐይቅ ቀድሞ ያላለ ሰው አላገኘሁም። አዲሱ ቺንጋ ከነካርቶኑ፣ ከነኩሽኔታው፣ ከነፓምፑ፣ አልጋ ሥር ነበር። የሌላ ሞተር ዋጋ ጠየቅኩ፤ መልሱን ሰምቼ ቤት ስገባ ፓስፖርቴን ፈለግኩ።

የምሄድበት ጠዋት አባቴ መናኸሪያ ድረስ በእግራቸው ሸኙኝ። ሹፌር ሆነው ቁልፍ ሳይዙ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው፤ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት አላወቁም። በጠዋቱ ብርሃን ቀና ብዬ አየኋቸው። ያልተቆጠሩት ዓመታት ሁሉ ጢማቸው ላይ ነበሩ።

"መልሼ የላክሁሽ እኔ ነኝ" አሉኝ።

እውነት ነበር። ልቤ ውስጥ ያለው ቁጣ አልወጣም ነበር፤ ግን ጥያቸው ልሄድ ነበር። "ቺንጋው ነው፣ አባዬ" አልኳቸው።

"ውሉ ስንት ነው?"

"ሁለት ዓመት።"

"ሁለት ግሸን" አሉ ለራሳቸው፣ ጣታቸውን እያጠፉ።

ይህኔ አልቻልኩም። መኪናው ሊሄድ ሞተር አስነስቷል፤ ሰው ሁሉ ያየኛል። እጃቸውን ይዤ አለቀስኩ። "አባዬ፣ እኔን በግሸን አይቁጠሩኝ" አልኩ። "መንገዱ ቢዘጋስ? ያኔ እኔ የት ነኝ?" ሻንጣዬን አንስተው ለረዳቱ ሰጡት፤ በዱዓ ሸኙኝ።

አሁን ማዳሜ ሌላ ናት፤ ካውያው ያው ነው። መስከረም ሲመጣ የአገሬ መንገድ እንደገና መዘጋቱን ከሰው ሰማሁ፤ ሌላ ጦርነት ነው አሉኝ። ለቀናት ለአባቴ ሳልደውል ቀረሁ። የሚሉትን ስለማውቅ ፈራሁ። በመጨረሻ እሳቸው ደወሉ። ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ፣ ስለ እናቴ ነገሩኝ፣ ስለ ዝናቡ ነገሩኝ።

"ዘንድሮም ግሸን አልተኬደም" አሉ።

ልብስ እየተኮስኩ ነበር፤ ካውያውን አነሳሁት።

"ግን ቆጥሬዋለሁ፣ ልጄ" አሉኝ። "አንድ ብያለሁ።"